የመሪ ዘይት በከዚራ

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ሾፌር የሚታወቀው በክንዱ ነበር። የጭነት መኪና መሪ ለማዞር ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጡና የሚወርዱ ሾፌሮች ሁሉ ትከሻቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ወፍራም ነበር። እኔ ደግሞ ክንዴ ቀጭን፣ ደረቴ ገባ ያለ፣ ሸሚዜ ሁልጊዜ ከሰው የተዋስኩት የሚመስል ሰው ነበርኩ። ቢሆንም በከተማው ከእኔ በላይ የሚኮራ ሾፌር አልነበረም። የእኔ መኪና መሪ በአንድ ጣት ይዞር ነበራ!

መኪናዋ አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ፒካፕ ናት። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠልኝ። መሪዋ በዘይት ግፊት ይታገዛል። ሞተሩ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፗ ዘይቱን በጎማ ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ትገፋለች፣ የቀረውን ዘይቱ ይጨርሰዋል። ነገሩ በከተማችን እምብዛም ስላልታወቀ ሰው ሁሉ የእኔ ብልሃት ይመስለው ነበር፤ እኔም አይደለም ብዬ አላውቅም። የግራ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ፣ በቀኝ እጄ አመልካች ጣት ብቻ መሪውን እያሽከረከርኩ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሳልፍ ቢያንስ ቢያንስ የሚኒስትር ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። የከተማው ሰው «ባለ አንድ ጣቱ» ይለኛል። ሙገሳ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራዬ በረዶ ማመላለስ ነው። ጠዋት ከበረዶ ፋብሪካው እጭናለሁ፣ በጆንያ እጠቀልላለሁ፣ ሰጋቱራ እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ በየቡና ቤቱና በየሥጋ ቤቱ አድላለሁ። የድሬዳዋ ሙቀት ግን ለማንም አያዳላም። ግማሹ በረዶ መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ከኋላ ይፈሳል። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ውሃው መሬት ሳይነካ ይደርቃል። ግን በመኪናዋ ዕድሜ ይሁን በእኔ ስንፍና፣ ውሎ አድሮ የመሪው ዘይት ከፊት ማንጠባጠብ ጀመረ። ዘይቱ ቀይ ነው፣ አይደርቅም። በቆምኩበት ሁሉ አንድ ቀይ ምልክት ትቼ እሄዳለሁ። አንድ የቡና ቤት ባለቤት፣ «ትናንት እኔን ሳታስቀድም ጎረቤቴ ጋ ቆመህ ነበር፤ ጠብታህን አይቻለሁ» ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔ ግን ዘይት በጎደለ ቁጥር እየጨመርኩ ዝም አልኩ። መኪና ሲያረጅ ያንጠባጥባል፣ ሰውም እንዲሁ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የወደድኳትን ልጅ ቤት ያወቅሁት በበረዶ ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ወባ ይዟቸው ሐኪሙ ራሳቸው ላይ በረዶ ይደረግ ብሎ አዘዘ። ቤታቸው ከዚራ ነው፤ የድንጋይ አጥር፣ አረንጓዴ የእንጨት መስኮት፣ በሩ ላይ ሰፊ ዛፍ። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። እሷ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ታስተምራለች። ሳፋ ይዛ በር ላይ ወጣችና መኪናዬን ሳቆም ትክ ብላ አየችኝ።

«ሌላው እጅህ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ለሰላምታ ነው ያስቀመጥኩት» አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሰው አልሆንኩም። የአባቷ ትኩሳት እንዳይበርድ የጸለይኩ ባይመስለኝም፣ እንዲበርድ የጸለይኩ ለመሆኑም አልምልም።

እሳቸው ግን ዳኑ፤ በረዶውም ቀረ። በመጨረሻው ቀን ድፍረቴን አሰባስቤ ነገርኳት። ሽማግሌ እልካለሁ፤ ግን ያለ አጎቴ አይሆንም፣ አጎቴ ደግሞ ጨርጨር ናቸው፣ አዝመራ ሳይገባ ንቅንቅ አይሉም። «እስከዚያው በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ መጥቼ ከዛፉ ሥር እቆማለሁ። መምጣቴን ካወቅሽ ሐሳቤ እንዳልተለወጠ እወቂ።»

«እሺ፣ አውቃለሁ» አለች። በዚህ ተለያየን።

ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ቀትሩን መንገር አያስፈልግም። ከምሳ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እኔ ያን ሰዓት ነው የምመጣው። ፀጉሬን ውሃ ቀብቼ አበጥራለሁ፣ ከዛፉ ሥር አቆማለሁ፣ ሞተር አጠፋለሁ፣ ከዚያ ፊቴን ወደ አረንጓዴው መስኮት አዞራለሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ግን በእንጨቶቹ መሐል ቀዳዳ አለ። በዚያ በኩል እያየችኝ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ስለዚህ ጣቴን መሪው ላይ አሳርፌ አንዴ በጎን፣ አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ደግሞ አሳብ እንደያዘው ሰው አገጬን ይዤ እታያለሁ። ከውስጥ የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማኛል። አባቷ ናቸው ብዬ ልቤ ይረጋጋል። እንዲህ ሆኜ ላቤ ሸሚዜን እስኪያርሰው ቆይቼ እሄዳለሁ።

አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ፣ እንደ አገሩ ልማድ በየበሩ ፊት ውሃ ይረጫል፣ ወንበር ይወጣል። በእነሱ ቤት ውሃ የምትረጨው እሷ ናት፤ ወንበር ላይ የሚቀመጡት አባቷ ናቸው። አንድ ምሽት በዚያ ሳልፍ በከዘራቸው ጠሩኝ።

«አንተ የበረዶው ልጅ! ና እስቲ። ይህ ምንድን ነው?»

ከዛፉ ሥር ቀዩ ጠብታ በጠብታ ላይ ተደርቦ ሳህን አክሎ ነበር።

«ዘይት ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ዘይት?»

«የመሪ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጅቡቲ ድረስ ስነዳ መሪ የሚባል ነገር አልነበረኝም» አሉ። «ሐዲዱ ያውቃል። መሪ የሚያስፈልገው የሚሄድበትን ለማያውቅ ሰው ነው። ለመሆኑ በረዶ ሳላዝዝ መኪናህ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ጥላው ጥሩ ነው… ሞተሩ እንዲበርድ ብዬ።»

«በከተማው ሌላ ዛፍ የለም?» ብለው ጠብታውን በከዘራቸው ጫፍ ነካኩት። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱብኝ። «ሁለተኛ አንዲት ጠብታ እዚህ ባይ፣ በረዶህን በዚህ በር አላስገባም። አንተንም ጭምር!»

በዚህ በር ነበር ሽማግሌ ላስገባ ያሰብኩት። ከኋላቸው እሷ በባልዲ ውሃ ትረጫለች፤ ጠብታው ጋ ስትደርስ ዙሪያውን ረጭታ እሱን ሳትነካ አለፈች። ቀና ብላም አላየችኝም። ተጸየፈችው ማለት ነው ብዬ እስከ ቤቴ እያፈርኩ ሄድኩ። ማንጠባጠቡን ካላቆምኩ ልጅቱን እንደማጣት ያን ምሽት ቁርጡን አወቅሁ።

መጀመሪያ ራሴ ልጠግን ተነሣሁ። የበረዶ ሰው ምን ሲያውቅ! ቱቦው ላይ ሳሙና ለጠፍኩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ አረፋ ደፈቀ። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቀድጄ ጠመጠምኩ፤ ዘይቱ መውጫ ለወጠ እንጂ አልቆመም። ጨርቅ አሰርኩበት፤ ጨርቁ ጠግቦ ጠጣና የተረፈውን ለቀቀው። በመጨረሻ መጋላ ሰፈር ወደሚገኝ መካኒክ ወሰድኳት። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ! መኪናህን እየነዳሃት ነው ወይስ ዘይት እየቀባሃት?»

«እንዲህ ያለ መሪ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። አቦ አትጨነቅ! ያልተከፈተ ነገር እንዴት ይታወቃል?»

ከፈተው። ድሬዳዋ ውስጥ መኪና ተከፍቶ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። የጋሪው ነጂ ቆመና ፓምፗ ናት አለ። ሳምቡሳ ሻጯ ቱቦው ነው አለች። ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዓይን ነው፣ ሰው አይቶብህ ነው አሉ፤ እኔን ከሁሉም የሳቸው አሳመነኝ። ቱቦውም አርጅቶ ተሰንጥቋል፣ በመሪው ሳጥን ሥር ዘይቱን የሚያግደው ጎማም አልቋል ሆነ ነገሩ። የሁለቱም ምትክ ከጅቡቲ በባቡር እስኪመጣ ድረስ መካኒኩ የቀረውን ዘይት ቀድቶ አወጣውና መኪናዬን ደረቅ አድርጎ ሰጠኝ።

ዘይት የሌለበት መሪ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው፣ የወፍጮ ድንጋይ በእጁ ለማዞር ይሞክር። እኔ ግን ባለ አንድ ጣቱ ነኝ፤ ስሜ አለ። ስለዚህ ሰው በሚያየኝ በኩል አንዷን ጣት መሪው ላይ አስቀምጬ፣ ሰው በማያየኝ በኩል በሌላው እጄና በጉልበቴ እታገላለሁ። ወደ ቀፊራ ገበያ ስታጠፍ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ፊቴን ግን ፈገግ አድርጌ ነው። አንዱ «ምነው አበጠ ፊትህ?» አለኝ። ጥርሴን አሞኝ ነው አልኩት። ጠባብ መታጠፊያ ያለበትን ደንበኛ ሁሉ ተውኩ፤ በዚያ ሰሞን በረዶ የደረሰው መንገዱ ቀጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ቀትር ላይ ግን ከዛፉ ሥር አንድ ቀን አልቀረሁም። ክንዴ እየተንቀጠቀጠ ጣቴን መሪው ላይ አሳርፌ ለመስኮቱ እታያለሁ።

ዕቃው መጣ። መካኒኩ ጎማውን ቀየረ፣ ቱቦውን አሰረ፣ የፊቱን እግር በክሪክ አነሳና አዲስ ቀይ ዘይት እየጨመረ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እንዳዞር አዘዘኝ፤ አየሩ አረፋ እየሠራ እስኪያልቅ ድረስ። ሲጨርስ እያንዳንዱን ቡሎን በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ አጠበቀው።

«ወላሂ፣ ከእንግዲህ ጠብታ ካየህ ይህን ጢሜን እላጫለሁ!»

በማግስቱ ቀትር ላይ ከዛፉ ሥር አቆምኩ፣ ከመኪናዋ ሥር ጋዜጣ ዘረጋሁ። ስሄድ ጋዜጣው ንጹሕ ነበር። እንደ ዲፕሎማ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አመሻሽ ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ አባቷ መሬቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ደስታዬ ልክ አጣ። እሷ ግን ውሃዋን ዝርግፍ አድርጋ ደፍታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሰው እንዳያውቅ እየተጠነቀቀች ነው አልኩ። እንዴት ያለች ብልህ ልጅ ናት እያልኩ ወደድኳት።

እንዲህ እያልኩ ስከርም፣ አንድ ቀን ጠዋት አክስቷ ከቀፊራ ዘንቢል ይዘው ሲመለሱ መኪናዬ አጠገብ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ለእሁድ በረዶ አምጣልኝ። በዛ አድርገህ።»

«እሁድ ምን አለ፣ እትዬ?»

«ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው፣ ደህና ቤተሰብ ነው ይሉታል። ባለፈው መጥተው አባቷ ቀጠሮ ሰጧቸው። እሁድ መልሱ ነው፤ እሺ መባሉ አይቀርም።»

የያዝኩት በረዶ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷማ ስትጠብቅ ከረመች!» ብለው ዘንቢሉን መሬት ላይ አሳረፉ፤ ነገሩ ሲከነክናቸው የቆየ ይመስላል። «ማታ ማታ ውሃ ልትረጭ ትወጣና ያንን ቀይ ጠብታህን ስታይ፣ ‹አክስቴ፣ ዛሬም መጥቷል› እያለች ፊቷ በርቶ ትገባ ነበር። ውሃ እንኳ አታስነካውም። ከዚያ ጠብታው ቀረ። ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ‹ሐሳቡን ለውጧል› አለች። አባቷ ስለ ጸሐፊው ሲጠይቋት ዝም አለች። ዝምታ ደግሞ ያው እሺ ማለት ነው።»

«እኔ እኮ አንድ ቀን አልቀረሁም! መኪናዋን አስጠግኜ ነው። በየቀኑ በመስኮቱ ፊት ለፊት…»

«በየትኛው መስኮት?»

«በመንገድ በኩል ባለው፣ በአረንጓዴው።»

አክስቷ ትንሽ አዩኝ። «አቦ! እሱ የእኔ ክፍል ነው። ቀትር ላይ እኔ ነኝ እዚያ የምተኛው። እሷ የምታርፈው በጓሮ በኩል ነው፤ ነፋስ ያለው በዚያ ነው።»

ያ ሁሉ ያበጠርኩት ፀጉር፣ ያ ሁሉ ጣት፣ ያ በአሳብ የተያዘ አገጭ፣ ለካ በእኚህ ሴትዮ ማንኮራፋት ፊት ነበር። እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። ዘንቢላቸውን አነሱ።

«ሽማግሌ በገባበት ነገር እኔ አፌን አላስገባም። ቀዳዳውን የደፈንከው አንተ፣ አንተው ታውቃለህ። በረዶውን ግን እንዳትረሳ።»

ሲሄዱ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ቅዝቃዜው ሱሪዬን አልፎ ሲገባ እንኳ አልተነሣሁም። ማልቀስ አማረኝ፤ በዚያ መንገድ መሐል ባለ አንድ ጣቱ አለቀሰ እንዳይባል ብቻ ነው የተውኩት። አጎቴ ጨርጨር ናቸው፤ እሁድ ደርሷል። ደብዳቤ ብጽፍ ማን ይወስድልኛል? ለእሷ መናገር የምችልበት መንገድ አንድ ብቻ እንደነበረ ገባኝ፤ እሱንም ከጅቡቲ ዕቃ አስመጥቼ፣ መካኒክ ቀጥሬ፣ በገዛ እጄ አስዘግቼዋለሁ።

የዚያኑ ዕለት ቀትር ላይ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። ቁልፍ ይዤ በሆዴ ከመኪናዋ ሥር ገባሁና የቱቦውን ማሰሪያ ላላላው ታገልኩ። እምቢ አለ። መካኒኩ በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎበት የለ! ጢሙን የሚያድንበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። ቁልፉ እየተንሸራተተ ጣቴን ላጠኝ፤ የከበረው ጣቴ ነው ደግሞ። መጠባበቂያ የያዝኩት የዘይት ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። አወጣሁና አንድ ጠብታ በጥንቃቄ አንጠባጠብኩ። ካየሁት በኋላ አንድ ጠብታ የማንም መኪና ሊሆን ይችላል አልኩና ጨመርኩ። ከዚያ መምጣቴን ሳታውቅ ያለፉትን ቀናት ሁሉ አሰብኩና ለነሱም ጨመርኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እጄ ላብ ይዞት ኖሮ ቆርቆሮው አመለጠኝ። ቀዩ ዘይት ከዛፉ ሥር እስከ በሩ ደፍ ድረስ ሄደ።

በሸሚዜ እየጠረግሁ ሳለ ከመኪናዋ ሥር ሆኜ ሁለት ጫማና አንድ ከዘራ አየሁ። ከመስኮቱ ማንኮራፋቱ እንደቀጠለ ነው፤ የማን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

«ተጠግኗል መስሎኝ ነበር» አሉ አባቷ።

«ተጠግኗል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህ?»

በሆዱ ተኝቶ፣ ዘይት ነክሮት፣ ቆርቆሮ ይዞ መዋሸት የሚችል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

«እኔ ነኝ የማንጠባጥበው።»

«እያየሁ ነው። ለምን?»

«መምጣቴን እንድታውቅ ብዬ ነው። ልጅዎ።»

«ውጣ ከዚያ» አሉኝ። ወጣሁ። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፤ ምን እንዳዩ ለመገመት መስታወት አላስፈለገኝም።

«ጥላ ፍለጋ አልነበረማ።»

«አልነበረም።»

«ሽማግሌ የለህም?»

«አጎቴ አሉ፤ ጨርጨር ናቸው። አዝመራው እስኪገባ ብለው…»

«አዝመራ!» አሉ። «ባቡር እንኳ ሊደርስ ሲል ይጮኻል። አንተ ዘይት ታንጠባጥባለህ!»

ወደ በሩ ዞረው በከዘራቸው መቱትና ስሟን ጠሩ። ባልዲ ይዛ እንድትመጣ፣ ይህን ጉድ ሰው ከመነሣቱ በፊት እንድታጥበው አዘዙ። ሁሉም ነገር አበቃ አልኩ። እሷ ከእንቅልፍ እንደተነሣች፣ ባልዲውን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወጣች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ሸሚዜን፣ ቆርቆሮውን፣ የተላጠውን ጣቴን። ከዚያ መሬቱን አየች። ከዛፉ ጀምራ እስከ እግሯ ድረስ ቀዩን ተከትላ በዓይኗ መጣች።

ባልዲውን ደፉ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«አባባ» አለች፣ «ዛሬ ውሃ አልረጭም።»

አባቷ እሷን አዩ፣ ዘይቱን አዩ፣ እኔን ግን ማየት የፈለጉ አይመስልም። በሩ ላይ ያለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

«ለእሁድ የታዘዘውን በረዶ እንዳታስቀር» አሉኝ። «ሰዎቹ በዚህ ሙቀት መጥተው እምቢ ሲባሉ፣ ቢያንስ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ። አጎትህንም ጥራ፤ አዝመራው ይጠብቃል።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሣሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ በዚያን ቀን በእውነት እያየችኝ ነበር። ከከዚራ እስከ በረዶ ፋብሪካው ድረስ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ነው የነዳሁት።